በአሮጌ ኮምፒውተር የጦር አውሮፕላን ሲሙሌተር መጫወት፦ ከጽዳት እስከ መጀመሪያው ውጊያ

አሮጌ ኮምፒውተር ይዘው የጦር አውሮፕላን ሲሙሌተር የሚጀምሩ ሰዎች በብዛት የሚሰናከሉት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ፍጥነት ነው። ሰማዩ ባዶ ሲሆን ሁሉ ነገር ሰላም ነው። ጠላት መጥቶ ጭስ መነሳት ሲጀምር ስክሪኑ ይቆራረጣል፣ አውሮፕላኑም መሬት ይገባል። ሁለተኛው ጆይስቲክ ነው። በትንሹ ሲነኩት አውሮፕላኑ ይገለበጣል፣ ሲለቁትም ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ከዚያ "ኮምፒውተሬ አይችልም" ብለው ይተዉታል።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ኮምፒውተሩ ይችላል። ችግሩ ማስተካከያው የሚሞከረው በተሳሳተ ሰዓት መሆኑ ነው። ለውጊያ ወሳኙ ቁጥር ጌሙ በከበደው ቅጽበት የምታገኙት ዝቅተኛው ፍሬም (ስክሪኑ በሰከንድ የሚያሳየው የምስል ብዛት) ነው። ሰማይ ላይ 90 አግኝታችሁ ከተማ ላይ ወደ 9 የምትወርዱ ከሆነ ያ 90 ምንም አይጠቅማችሁም። ይህ መመሪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሄደው በዚህ ሐሳብ ነው።

ምሳሌ ያደረግኩት ኢል-2 ስተርሞቪክ 1946ን ነው። በ2006 የወጣ ነው፤ አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ የበረራ ባሕሪውም ዛሬም ድረስ የሚከበር ነው። እንደ ዲሲኤስ ወርልድ ያሉት አዳዲሶቹ ለአሮጌ ማሽን ከባድ ናቸው፤ እነሱን ለማስነሳት ጊዜ አታባክኑ። ሌላ የቆየ ሲሙሌተር ካላችሁም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ያላችሁን ማሽን እወቁ

ምንም ነገር ከመጫናችሁ በፊት አራት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ የፕሮሰሰሩን ስምና ፍጥነት፣ የራሙን መጠን፣ የግራፊክስ ካርዱን ስም፣ የዊንዶውሱን ዓይነት።

ጌሙ ሲወጣ ቢያንስ 1 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 512 ሜጋባይት ራም እና 64 ሜጋባይት ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ ይጠይቅ ነበር። በዚህ ልክ ይነሳል እንጂ ውጊያ አይመችም። 2 ጊጋባይት ራምና ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ካላችሁ በሙሉ ልብ ቀጥሉ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ።

- ጌሙ ሥራውን የሚሠራው በዋናነት በአንድ ኮር ነው። አራት ኮር ያለው ቀርፋፋ ፕሮሰሰር ሁለት ኮር ካለው ፈጣን ፕሮሰሰር ላይሻል ይችላል።
- ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ከሆነ የሚጠቀመው የዋናውን ራም ነው። አንድ ራም ብቻ ከተሰካ ሁለተኛ እኩል ራም መጨመር ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ መረጃ የሚያልፍበት መንገድ ይሰፋልና።

ደረጃ 2፦ አቧራውን አውጡ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። አሮጌ ኮምፒውተር ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ላይ ጌሙ ቆንጆ ይሄዳል፣ ትንሽ ከቆየ በኋላ ምንም ሳይለወጥ መንቀራፈፍ ይጀምራል። ይህን ካያችሁ ሴቲንግ መነካካቱን አቁሙ። ችግሩ ሙቀት ነው።

1. ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውንም አውጡ፤ የማይወጣ ከሆነ ሙሉ ለሙሉ መጥፋቱን አረጋግጡ።
2. ቀለም ያልተቀባ ብረት ነክታችሁ ሰውነታችሁ ላይ ያለውን ስታቲክ አስወግዱ።
3. የፋኑን ቅጠል በጣታችሁ ወይም በእንጨት ያዙ። ሳትይዙ አየር ብትነፉበት ከልክ በላይ ተሽከርክሮ ይበላሻል።
4. በአየር መንፊያ አቧራውን ከውስጥ ወደ ውጭ ንፉ። የቤት ቫኪዩም አትጠቀሙ፤ ስታቲክ ይፈጥራል።
5. ከፋኑ ሥር ያለውን የብረት ማቀዝቀዣ በደንብ እዩት። በቅጠሎቹ መካከል እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አቧራ ካለ አየር አያልፍም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ጽዳቱ ካልበቃ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ፔስት ደርቆ ሊሆን ይችላል። አሮጌውን በአልኮል ጠርጋችሁ መሃሉ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህል አዲስ አድርጉ። ማብዛቱ አይረዳም። ላፕቶፕ ከፍታችሁ የማታውቁ ከሆነ ግን ይህን ለባለሙያ ስጡ፤ ስሱ ገመዶች አሉት።

ደረጃ 3፦ ዊንዶውሱን አቅልሉ

1. ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞችን አጥፉ። የማታውቁትን ነገር አትንኩ፤ የምታውቁትና የማያስፈልጋችሁ ብቻ ይውጣ።
2. የኃይል አጠቃቀሙን ወደ ሃይ ፐርፎርማንስ ቀይሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ተጫወቱ።
3. እዚያው የኃይል ሴቲንግ ውስጥ ዩኤስቢ ኃይል ለመቆጠብ ራሱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምርጫ ዝጉ። በውጊያ መሃል ጆይስቲኩ ድንገት የሚሞትባችሁ ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።
4. ስቲኪ ኪይስ የሚባለውን አጥፉ። ሺፍትን አምስት ጊዜ ስትጫኑ መስኮት እየከፈተ ከጌሙ ያስወጣችኋል።
5. ለግራፊክስ ካርዳችሁ ልክ የሆነውን ድራይቨር ከአምራቹ አውርዳችሁ ጫኑ። ለአሮጌ ካርድ የመጨረሻው ድራይቨር ከዓመታት በፊት የወጣ ሊሆን ይችላል። ምንም አይደለም፤ የሚፈለገው እሱ ነው።
6. ከመጫወታችሁ በፊት ብራውዘሩን ዝጉ። ሚኒማይዝ ማድረግ ሳይሆን መዝጋት።

ሃርድ ዲስካችሁ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ዲፍራግ አድርጉ (የተበታተኑ ፋይሎችን መሰብሰብ ነው)። ኤስኤስዲ ከሆነ ግን አታድርጉ፤ ጥቅም የለውም፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል። ለዚህ ጌም ብላችሁ አንድ ዕቃ የምትገዙ ከሆነ አነስተኛ ኤስኤስዲ ቢሆን እመርጣለሁ። የፍሬሙን ቁጥር አይጨምርም። አዲስ ነገር ስክሪን ላይ ሲመጣ የሚፈጠረውን ድንገተኛ መቆም ግን በጣም ይቀንሳል።

ደረጃ 4፦ ጌሙን በትክክለኛው ቦታ ጫኑ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጌሙ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ እንዲገባ አትፍቀዱ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ያሉት ዊንዶውሶች እዚያ ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል በቀላሉ እንዲለወጥ አይፈቅዱም። እናንተ ማስተካከያውን ትቀይራላችሁ፣ ሴቭ ታደርጋላችሁ፣ ጌሙ ግን አሮጌውን ያነባል። "የቀየርኩት አይሠራም" የሚለው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

1. በሲ ድራይቭ ላይ በቀጥታ "ጌም" የሚል ፎልደር በእንግሊዝኛ ፊደል ፍጠሩ። በስሙ ውስጥ ክፍት ቦታም ሆነ የአማርኛ ፊደል አይኑር።
2. ጌሙን እዚያ ጫኑ።
3. አንድ ጊዜ አስነስታችሁ ዋናው ሜኑ ላይ ያለውን የስሪት ቁጥር እዩ። በዲስክ የወጣው 4.07 ነው።
4. ማሻሻያዎችን በቅደም ተከተል ጫኑ፦ መጀመሪያ 4.08፣ ከዚያ 4.09፣ ከዚያ 4.10 እያላችሁ። መዝለል ክልክል ነው። ከዘለላችሁ ሎዲንጉ መሃል ላይ ቆሞ ይቀራል ወይም ጌሙ ራሱን ይዘጋል።
5. ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በኋላ ጌሙን አስነስታችሁ አንድ ደቂቃ አብርሩ። ሠራ? ቀጥሉ።
6. ሁሉም ካለቀ በኋላ ሙሉ ፎልደሩን ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

መሃል ላይ ከተበላሸ ለመጠገን አትታገሉ። አጥፍታችሁ እንደገና ጀምሩ። ጥገናው ከመጫኑ በላይ ጊዜ ይወስዳል።

ደረጃ 5፦ መለኪያ በረራ አዘጋጁ

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ነው። ሳትለኩ ሴቲንግ መቀየር በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው።

1. ክዊክ ሚሽን ቢልደርን (ፈጣን ውጊያ የሚሰናዳበትን የጌሙን ገጽ) ክፈቱ።
2. ካርታውን ስሞለንስክ ወይም ክራይሚያ አድርጉ። የባሕር ካርታ አትምረጡ፤ ውኃ ብቻ ያለበት ቦታ ቀላል ስለሆነ ያታልላል።
3. ከእናንተ ጎን አራት፣ ከጠላት ጎን ስምንት አውሮፕላን አስገቡ።
4. ኢላማውን አየር ማረፊያ አድርጉ፣ ፀረ አውሮፕላን መሣሪያም ይኑር።
5. ከፍታውን 500 ሜትር አካባቢ፣ የአየር ሁኔታውን ትንሽ ደመና ያለበት አድርጉ።
6. በረራው ሲጀምር ሺፍትና ታብን አብራችሁ ተጫኑ። የትእዛዝ መስኮት ይከፈታል። "ኤፍፒኤስ ስታርት ሾው" ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉና ኢንተር በሉ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የአሁኑ፣ አማካዩ፣ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ፍሬም ይወጣል።
7. ወደ አየር ማረፊያው ዝቅ ብላችሁ ግቡ። ፀረ አውሮፕላኑ ሲተኩስ፣ ጭሱ ሲነሳ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ እዚያው ዙሩ።
8. በረራው ሲያልቅ ትራኩን (የበረራውን ቅጂ) ሴቭ አድርጉ።

ስምንተኛው ነጥብ ወርቅ ነው። ያንን ትራክ መልሳችሁ ስታጫውቱ ጌሙ ያንኑ በረራ ይደግመዋል። ሴቲንግ በቀየራችሁ ቁጥር ትራኩን አጫውታችሁ ዝቅተኛውንና አማካዩን ጻፉ። አዲስ ውጊያ እየከፈታችሁ ብታነጻጽሩ ግን እያንዳንዱ ውጊያ ስለሚለያይ ምንም አታውቁም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጌሙን ወደ አዲስ ስሪት ካሳደጋችሁ አሮጌው ትራክ በትክክል አይጫወትም። አዲስ ቅረጹ።

ግባችሁ አማካይ ከ30 በላይ፣ ዝቅተኛ ከ20 በላይ ይሁን። ከ20 በታች ሲወርድ እጃችሁና አውሮፕላኑ አይግባቡም፤ ስታነጣጥሩ ሁልጊዜ ትዘገያላችሁ።

የመጀመሪያውን ትራክ ሁለት ጊዜ አጫውቱት። በመጀመሪያው ጊዜ ቆም ቆም እያለ በሁለተኛው ከለሰለሰ ችግሩ ዲስኩ ወይም ራሙ ነው። ሁለቱንም ጊዜ እኩል ከተንቀራፈፈ ፕሮሰሰሩ ወይም ግራፊክሱ ነው።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሪሶሉሽኑን (የስክሪኑን የነጥብ ብዛት) በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ድገሙት። ፍሬሙ ከጨመረ ግራፊክሱ ነበር የተጨነቀው። ምንም ካልተለወጠ ፕሮሰሰሩ ነው። ይህን አንድ ነገር ማወቃችሁ ብዙ ከንቱ ልፋት ያስቀርላችኋል።

ደረጃ 6፦ ግራፊክሱን በቅደም ተከተል ቀንሱ

ከመጀመራችሁ በፊት "ኮንፍ" የሚባለውን የማስተካከያ ፋይል ከጌሙ ፎልደር ኮፒ አድርጉ። ጌሙ አልነሳም ካለ ኮፒውን መልሳችሁ ትድናላችሁ።

ደንቡ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ትራኩን አጫውቱ፣ ጻፉ።

*ኦፕን ጂኤል ወይስ ዳይሬክት ኤክስ?* ሁለቱ ጌሙ ምስሉን የሚስልባቸው መንገዶች ናቸው። የጌሙን የሴትአፕ ፕሮግራም ክፈቱ። መጀመሪያ ኦፕን ጂኤልን ሞክሩ። ጌሙ ካልነሳ፣ መሬቱ ነጭ ከሆነ ወይም ቅርጾች ከተበጣጠሱ ወደ ዳይሬክት ኤክስ ቀይሩ። አብሮ የተሠራ ግራፊክስ ያላቸው ማሽኖች ብዙ ጊዜ ይህን ይፈልጋሉ።

*የመሬት ዝርዝር።* ፐርፌክት የሚለው ምርጫ ለአሮጌ ማሽን ወገብ ሰባሪ ነው። ወደ ኤክሰለንት አውርዱት። ብዙ ሰው ከዚህ አንድ ለውጥ በኋላ ሌላ አያስፈልገውም። በፐርፌክት ካልሄዳችሁ የውኃው ጥራትም አብሮ ይወርዳል። ይውረድ፤ ውኃ እያየ የሚዋጋ አብራሪ የለም።

*ደመና።* ደመና ውስጥ ስትገቡ ፍሬሙ የሚሰምጥ ከሆነ የደመናውን ዝርዝር አንድ ደረጃ ቀንሱ።

*ጥላና ብርሃን።* የዕቃዎችን ብርሃንና የመሬቱን ብርሃን መካከለኛ አድርጉ።

*ጭስና ፍንዳታ።* ኮንፍ ፋይሉ ውስጥ "ኢፌክትስ" የሚል መስመር አለ። ቁጥሩን ወደ 0 አውርዱት። የሚቃጠል አውሮፕላን ከኋላ ስትከተሉ ጭሱ ስክሪኑን ይሞላዋል። የሚተኮሰው ደግሞ በዚያች ቅጽበት ነው። እዚህ ያተረፋችሁት ፍሬም በቀጥታ ኢላማ ይመታል።

*ቴክስቸር።* ቴክስቸር የዕቃዎችን ገጽ የሚሸፍነው ምስል ነው። የግራፊክስ ሜሞሪው ትንሽ ከሆነ የቴክስቸር መጭመቂያውን ክፈቱ። ሜሞሪው ሲሞላ የሚመጣው መቆራረጥ ይታወቃል፦ አንገታችሁን ወደ ጎን ስታዞሩ ስክሪኑ ለአፍታ ይቆማል።

*ቪ ሲንክ።* ፍሬሙን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክል ምርጫ ነው። በካርዱ ድራይቨር ውስጥ አጥፉት። በ60 ኸርዝ ስክሪን ላይ ካርዱ 60 ማድረስ ሲያቅተው ቪ ሲንክ በቀጥታ ወደ 30 ሊጥለው ይችላል።

*ሪሶሉሽን።* የመጨረሻው መቀነሻ ይህ ይሁን። ወደ 1024 በ768 ብትወርዱ ግን አትዘኑ። በዚህ ጌም ሩቅ ያለ አውሮፕላን እንደ ነጥብ ነው የሚታየው። ሪሶሉሽኑ ሲቀንስ ነጥቡ ስክሪኑ ላይ ይተልቃል፣ ጠላትን ቀድሞ ማየት ይቀላል። የምታጡት ሲቀርብ ማንነቱን መለየት ነው፤ ክንፉን ለይቶ ለማወቅ ትንሽ የበለጠ መጠጋት ያስፈልጋል።

የዕቃዎች ዝርዝር የሚለውን ግን ለመቀነስ አትቸኩሉ። ሩቅ ያሉ አውሮፕላኖች ቅርጻቸው ይጠፋል፣ ወገንና ጠላት ይምታታባችኋል።

ስክሪናችሁ ሰፊ ከሆነና ምስሉ ጎንና ጎኑ ጥቁር ሆኖ ከመጣ ኮንፍ ውስጥ "ሴቭ አስፔክት" የሚለውን 0 አድርጉ። ከዚያ ስፋትና ቁመት በሚሉት መስመሮች የስክሪናችሁን ቁጥር ጻፉ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ የጻፋችሁትን ቁጥር ሞኒተራችሁ አይቀበለውም ማለት ነው። ኮፒውን መልሱ።

ደረጃ 7፦ ድምፅ

የድምፅ ቻናሉን ወደ 16 ወይም 8 አውርዱ። ብዙ አውሮፕላን ሲሰበሰብ ፕሮሰሰሩን ያሳርፈዋል። ድምፁ ከተሰነጣጠቀ የሃርድዌር አክሰለሬሽን ምርጫውን አጥፉ። ሙዚቃውን ዝጉ፤ የሞተሩን ድምፅ ግን ከፍ አድርጉ። ሞተሩ ሲደክም ከመሣሪያው ቀድሞ የሚነግራችሁ ጆሯችሁ ነው።

ደረጃ 8፦ ጆይስቲክ

በኪቦርድ ማብረር ይቻላል፣ መዋጋት ግን አይቻልም ማለት ይቀላል። ያገለገለ ተራ ጆይስቲክም ይበቃል። በአንድ ነገር ብቻ አትደራደሩ፦ እጀታው ግራና ቀኝ የሚጠመዘዝ ይሁን። ያ መጠምዘዣ የጅራቱን መሪ ይቆጣጠራል፤ ያለ እሱ መነሳትም ማነጣጠርም ጣጣ ነው። በጣም አሮጌ፣ ባለ 15 ፒን ጆይስቲክ አትግዙ። ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ ያንን መሰኪያ አይደግፍም።

1. ጌሙ ሳይከፈት ጆይስቲኩን ሰኩ። በኋላ ከሰካችሁት ጌሙ አያየውም።
2. በዊንዶውስ የጌም መቆጣጠሪያዎች ገጽ ገብታችሁ ካሊብሬት አድርጉ። እስከ ዳር ድረስ ቀስ ብላችሁ አዙሩት።
3. እጃችሁን ልቀቁትና የመስቀል ምልክቱን እዩ። መሃል ላይ ጸጥ ካለ ጥሩ ነው። ከተንቀጠቀጠ የውስጡ መለኪያ ቆሽሿል። ለኤሌክትሮኒክስ በተሠራ፣ ቅባት በማይተው ማጽጃ ስፕሬይ ሊድን ይችላል።
4. ጌሙን ክፈቱና የኢንፑት ገጹ ውስጥ ግቡ። ለእያንዳንዱ አቅጣጫ አሥር ደረጃ ያለው ተንሸራታች ታያላችሁ።

ተንሸራታቾቹ መጀመሪያ 10፣ 20፣ 30 እያሉ እስከ 100 ይወጣሉ። ይህ ማለት እጃችሁን በትንሹ ስትነቀንቁ አውሮፕላኑ በዚያው ልክ ይመልሳል። ለርካሽ ጆይስቲክ ይህ ይከብዳል፤ አፍንጫው መዝለል ይጀምራል። ወደ ላይና ወደ ታች በሚለው አቅጣጫ እንዲህ ሞክሩ፦ 4፣ 9፣ 15፣ 22፣ 31፣ 42፣ 55፣ 69፣ 84፣ 100። መሃሉ ለስላሳ ይሆናል፣ ዳሩ ላይ ግን ሙሉ ኃይሉ እንዳለ ነው። ለጎንና ለጎን ትንሽ ከፍ ማለት ይችላል። የሞተር ኃይል መስጫውን ቀጥ ያለ አድርጉት፣ አትንኩት።

ዴድ ባንድ የሚለው መሃል ላይ ያለ ዝም ያለ ቦታ ነው። ስትለቁት የሚንሸራተት ከሆነ ወደ 5 ከፍ አድርጉት። አታብዙት። ከበዛ ስታነጣጥሩ እጃችሁ ቢነቃነቅም አውሮፕላኑ አይሰማም፣ ከዚያ ድንገት ይዘላል።

ጆይስቲኩ ዊንዶውስ ላይ እየሠራ ጌሙ ውስጥ ከሞተ ኮንፍ ፋይሉን ክፈቱ። "ጆይ ዩዝ" የሚለው መስመር 0 ሆኖ ታገኙታላችሁ። 1 አድርጉት።

ደረጃ 9፦ መነሳት

መጀመሪያ የችግር ደረጃውን አስተካክሉ። የነዳጅ ማለቅና የጥይት ማለቅ ይጥፉ፣ ሌላው እንዳለ ይቆይ። ቶርክ የሚለውን (ሞተሩ አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚስብበትን ኃይል) አጥፍታችሁ ከለመዳችሁ በኋላ ስትከፍቱት እንደ አዲስ መማር ይሆንባችኋል።

ነዳጁን ግማሽ አድርጉ። ቀላል አውሮፕላን ቶሎ ይነሳል፣ በደንብም ይዞራል።

1. የአይ ቁልፍን ተጭናችሁ ሞተር አስነሱ።
2. የማቀዝቀዣውን በር በአር ቁልፍ ክፈቱ።
3. ፍላፑን (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚወርደውን ክፍል) በቪ ቁልፍ ወደ መነሻ ደረጃ አውርዱ። አንዳንድ አውሮፕላኖች ዝግና የማረፊያ ደረጃ ብቻ አላቸው፤ እነሱ ላይ ፍላፕ አትንኩ።
4. የጅራት ጎማ መቆለፊያ ካለ ቆልፉ።
5. ፍሬን ለቃችሁ የሞተሩን ኃይል ቀስ ብላችሁ ስጡ። ከባዶ እስከ ሙሉ ድረስ በልባችሁ እስከ ስምንት ቁጠሩ።
6. አፍንጫው ወደ ግራ መሳብ ይጀምራል። የአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ማራገቢያ ከኮክፒት ሲታይ ወደ ቀኝ ስለሚዞር ነው። የጅራቱን መሪ ወደ ቀኝ በአጭር በአጭሩ ንኩ። አንዴ ይዛችሁ አትቆዩ።
7. ጅራቱ ራሱ ይነሳ። ፍጥነቱ ከ180 እስከ 200 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሆን እጀታውን በጣም ትንሽ ሳቡ።
8. ከመሬት እንደለቀቃችሁ በጂ ቁልፍ ጎማ እጠፉ። ፍላፑን የምትመልሱት ፍጥነት ከያዛችሁ በኋላ ነው።

ማኮብኮቢያው ላይ እንደ ቁራ ከዘለለ ቀድማችሁ ስባችኋል። ከተሽከረከረ ኃይሉን ቸኩላችሁ ሰጥታችኋል። ከተነሳ በኋላ አንዱ ክንፍ ወርዶ ከወደቀ ፍጥነት ሳይኖራችሁ አፍንጫውን ሰቅላችኋል። ጎማው አልታጠፍ ካለ የያዛችሁት አይ-16 ወይም ዋይልድካት መሆኑን እዩ፤ የእነሱ ጎማ በእጅ የሚጠቀለል ስለሆነ ለብቻው የተመደበውን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ይጠይቃል።

ሞተሩ ጋለ የሚል መልእክት ሲመጣ ኃይሉን ቀንሱ፣ የማቀዝቀዣውን በር ክፈቱ፣ አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ አድርጉ። ችላ ካላችሁት ሞተሩ ይሞታል።

ደረጃ 10፦ መጀመሪያ መትቶ መጣል

ከአንድ የቦምብ ጣይ ጋር ሳይሆን ከአንድ ተራ ተዋጊ ጋር ጀምሩ። ቦምብ ጣዮች ከኋላ ተኳሽ አላቸው፣ ጀማሪን ይበላሉ። ከፍታውን 2,000 ሜትር፣ የጠላትን ችሎታ ዝቅተኛውን አድርጉ።

መሣሪያ በሚዘጋጅበት ገጽ ላይ ጥይቶቹ የሚገናኙበትን ርቀት ወደ 200 ሜትር አውርዱ። ክንፍ ላይ የተተከሉ መትረየሶች ተኩሳቸው የሚገናኘው በዚያ ርቀት ነው። ርቀቱ ትልቅ ሆኖ በቅርብ ከተኮሳችሁ ጥይቱ በጠላት ግራና ቀኝ ያልፋል።

1. ከላይ ሆናችሁ ጀምሩ። ከፍታ ወደ ፍጥነት ይለወጣል።
2. ከኋላና በትንሹ ከሥር ግቡ።
3. ክንፉ የማነጣጠሪያውን ቀለበት እስኪሞላ ድረስ አትተኩሱ። "አሁን ቀርቤያለሁ" ስትሉ ገና ናችሁ።
4. የሚዞር ከሆነ ከአፍንጫው ፊት አነጣጥሩ። ጥይቱ እስኪደርስ እሱ ወደዚያ ይሄዳልና።
5. በአንድ ጊዜ አንድ ሰከንድ ብቻ ተኩሱ።
6. ካመለጣችሁ ቀጥ ብላችሁ እለፉና እንደገና ውጡ። ተከትላችሁ መዞር ከጀመራችሁ ፍጥነታችሁ ያልቃል።

እጀታውን አጥብቃችሁ ስትስቡ ክንፉ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው። ወዲያው ትንሽ ልቀቁ። ካልለቀቃችሁ አውሮፕላኑ ይገለበጥና እየተሽከረከረ ይወርዳል። ያን ጊዜ ኃይሉን ዝጉ፣ የጅራቱን መሪ ከሽክርክሪቱ በተቃራኒ ሙሉ ስጡ፣ እጀታውን ከመሃል ትንሽ ወደ ፊት ግፉ። ሽክርክሪቱ ሲቆም መሪውን መሃል መልሱና ቀስ ብላችሁ ውጡ። ከ1,000 ሜትር በታች ከሆናችሁ ግን ጊዜ የለም፤ ኮንትሮልና ኢ ተጭናችሁ ዝለሉ።

በዚህ ደረጃ ጌሙ እንደገና መንቀራፈፍ ከጀመረ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱና ትራኩን አጫውቱ። ቁጥሩ ከበፊቱ ጋር እኩል ከሆነ ሴቲንጉን አትንኩ፤ በውጊያው ያሉት አውሮፕላኖች በዝተዋል ማለት ነው፣ ቁጥራቸውን ቀንሱ። ቁጥሩ ከወረደ ማሽኑ ሞቋል ወይም ከኋላ የሚሠራ ፕሮግራም አለ።